ከቀይ ቡና የወጡ ዝንቦች ሲቀላቀሉ

ጅማ ላይ ከተለቀመ ቀይ ቡና የተሰበሰቡ ዝንቦች ሁሉ «የፍራፍሬ ዝንብ» ተብለው አንድ ብልቃጥ ውስጥ ገብተው ነበር። ጉዱ ያለው ስሙ ላይ ነው፤ ቴፍሪቲዴና ድሮሶፊሊዴ የሚባሉትን ሁለት የዝንብ ቤተሰቦች ይጠሩበታል። በቀለም መለየት አልሠራም፤ አልኮል ቀለም ያደበዝዛል፣ አዲስ የወጣ ዝንብም ፈዛዛ ነው። ለወደፊቱ ከመግደል በፊት 3 ወይም 4 ቀን ስኳርና ውኃ እየሰጡ ማቆየት ይበጃል።

የለየው ክንፉ ነው። በ20 እጥፍ ማጉያ፣ ከክንፉ የፊት ጠርዝ በታች የሚሄደውን ቀጭን ሥር (የክንፉን መስመር) ይመልከቱ። ጫፉ 90 ዲግሪ ገደማ ወደ ጠርዙ ከታጠፈ ቴፍሪቲዴ ነው፤ ትሉ የፍሬውን ሥጋ ከውስጥ የሚበላው። በድሮሶፊሊዴ ይህ ሥር አጭርና ያልተሟላ ነው፤ የአንቴናው ጸጉርም ላባ መስሎ ብዙ ጊዜ ጫፉ ለሁለት ይሰነጠቃል። ድሮሶፊሊዴን የሚስበው የቦካ የቡና ገለባ ነው። በጠርዙ ላይ ያለው ሥር መቆረጡ ግን አይለያቸውም፣ ሁለቱም ላይ አለ።