አሮጌ ቢኤምደብሊው ኢ36 ኩፔን ለመወዳደሪያ ትራክ ማዘጋጀት፦ ከራዲያተሩ እስከ ውድድር ፈቃዱ

እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1999 በአሜሪካ የተሸጠው ባለ ሁለት በሩ ቢኤምደብሊው ኢ36 ኩፔ በጉልበቱ የሚያስደነግጥ መኪና አይደለም። 325አይኤስ በ2.5 ሊትር ሞተሩ 189፣ እሱን የተካው 328አይኤስ በ2.8 ሊትሩ 190 የፈረስ ጉልበት ነው ያለው። ዛሬ ልጆችን ትምህርት ቤት የሚያመላልሱ መኪኖች ሳይቀሩ ይበልጡታል። አማተሮች የሚፈልጉት በሌላ ምክንያት ነው፤ ክብደቱ ከፊትም ከኋላም እኩል ለመሆን የተጠጋ ነው፣ የሚገፋው በኋላ ጎማ ነው፣ መለዋወጫው አልጠፋም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የት የት እንደሚበላሽ አስቀድሞ ይታወቃል። ጉልበት መጨመር የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ያውም ከመጣ።

ሲገዙ

ማንዋል ካምቢዮ ያለውንና ማንም ያልነካካውን ይፈልጉ። ሌላ ሰው ጀምሮ የተወው መኪና ርካሽ ይመስላል፤ የት እንደተቆረጠ የማይታወቅ ሽቦ ሲፈልጉ ግን ትርፉ ያልቃል። የፖርታባጋሊዮውን ምንጣፍ ገልጠው የኋላ አሞርዛቶሪ ጫፍ የታሰረበትን ላሜራ በባትሪ ይመልከቱ፤ ቀለሙ ተሰነጣጥቆ ወይም ላሜራው ወደ ላይ ተገፍቶ ከሆነ ብየዳ ይፈልጋል። ከታች ገብተው የኋላ ሰብፍሬም (የኋላ እግሮቹን የሚሸከመው ብረት) የታሰረባቸውን ቦታዎችም እንዲሁ ይዩ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ሞተሮች ብሎካቸው ብረት ስለሆነ ጠንካራ ነው፤ ቴስታታው ግን አሉሚኒየም ነው፤ አንድ ጊዜ በደንብ ከጋለ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ኮምፕረሽን ሳያስለኩ አይግዙ።

ሙቀት

ኢ36ን ትራክ ላይ የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክ ነው። የራዲያተሩ አንገት፣ የቴርሞስታቱ ቤትና የብዙዎቹ ውሃ ፓምፕ ውስጣዊ ክንፍ ፕላስቲክ ስለሆኑ ከዓመታት ሙቀት በኋላ ይፈረካከሳሉ። ራዲያተሩን፣ ማስፋፊያ ጋኑን፣ ቱቦዎቹን፣ ቴርሞስታቱንና ቺንጋዎቹን በአንድ ቀን በአዲስ ይቀይሩ። የውሃ ፓምፑን ክንፉ ብረት የሆነውን፣ የቴርሞስታቱን ቤት ደግሞ የአሉሚኒየሙን ይግዙ። አንዱን ቀይሮ ሌላውን መተው አያዋጣም፤ አዲሱ ክፍል የያዘውን ግፊት አሮጌው አይችለውም።

የዳሽቦርዱን የሙቀት መርፌ አይመኑት። በሰፊ የሙቀት ልዩነት ውስጥ መሃል ላይ እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ወደ ቀይ ሲሄድ ቴስታታው ጉዳት ላይ ሊሆን ይችላል። ትክክለኛ ዲግሪ የሚያሳይ ተጨማሪ መለኪያ ይግጠሙ።

ውሃ ሲሞሉ የመኪናውን አፍንጫ በክሪክ ከፍ አድርገው፣ ቁልፉን ከፍተው፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ አድርገው፣ የአየር ማስወጫውን ብሎን ፈትተው አረፋው እስኪያልቅ በዝግታ ይሙሉ። ውስጡ የቀረ አየር ለአዲስ ራዲያተርም አይመለስም። ብሎኑ ራሱ ፕላስቲክ ነውና ጉልበት አይጨምሩበት።

ፍሬን

ጀማሪን መጀመሪያ የሚያስደነግጠው ፔዳሉ እስከ ወለል ሲሰምጥ ነው። ሸራው አልቆ አይደለም፤ የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ ውስጡ እንፋሎት ተፈጥሯል፣ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል። ተራ ዶት 4 የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ይችላል፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ለውድድር የሚሠሩት ዘይቶች አዲስ ሲሆኑ ከ300 በላይ ይደርሳሉ። አዲሱን ሲሞሉ አየሩን ከቀኝ ኋላ ጀምረው፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ በመጨረሻ ግራ ፊት እያሉ ያስወጡ። ከእያንዳንዱ የትራክ ቀን በፊት እንደገና ያድርጉት፤ ለአንድ ጠርሙስ ብሎ መሰሰት እዚህ አይሠራም።

ሸራውን ለትራክ የተሠራ ያድርጉት። የፋብሪካው 286 ሚሊሜትር የፊት ዲስክ ለመማሪያ ይበቃል፤ የኤም3ን (የጉልበተኛውን ኢ36) ፍሬን ለመግጠም አይቸኩሉ። ይልቅ ከፊት መከላከያው እስከ ዲስኩ መሃል የአየር ቱቦ ይዘርጉ። አዲስ ሸራ በሻጩ መመሪያ መሠረት መሟሸት አለበት፤ ሳይሟሽ ከተገባ ዲስኩ ላይ ወጣ ገባ ሆኖ ይጋገርና መሪው ይንቀጠቀጣል። ትራክ ላይ ጨርሰው ሲቆሙ የእጅ ፍሬን አይሳቡ፤ የጋለው ሸራ ይጣበቃል። ማርሽ ውስጥ አስገብተው ጎማው ሥር ድንጋይ ማድረግ ይበቃል።

ሞላው፣ አሞርዛቶሪውና ጎማው

የኋላ ብራቾ ጎሚኒ ካረጀ ፍሬን ሲይዙ የመኪናው ጭራ በራሱ የሚመራ ይመስላል። ብዙ ሰው ይህን የአሞርዛቶሪ ችግር አድርጎ ገንዘቡን ይጨርሳል። ጎሚኒውን ለመቀየር ማቀፊያውን ከቦዲው ጋር የሚያስሩት ሦስት ቡሎኖች ይፈታሉ፤ የኋላ ጎማ አቅጣጫ የሚስተካከለው እዚያው ስለሆነ ከመፍታትዎ በፊት የነበረበትን ቦታ በጭረት ምልክት ያድርጉ። አዲሱን ሲያስሩ መመሪያው በሚያዘው ማዕዘን አስተካክለው ያጥብቁ፤ ዝም ብሎ የታሰረ ጎሚኒ ሁልጊዜ እንደተጠመዘዘ ይኖርና ቶሎ ይቀደዳል። ከግራና ቀኙ የሚገባ መገደቢያ ዋሸር ርካሽ ነው፣ ልዩነቱም ይታወቃል። የኋላ አሞርዛቶሪ ጫፍ ላይ የዜድ3ን (የሌላ ቢኤምደብሊው ሞዴል) ማጠናከሪያ ሳህን ያክሉ። ከፊት ቴስቲናዎቹንና የብራቾ ጎሚኒዎቹን ይቀይሩ።

ከዚያ በኋላ ነው ሞላና አሞርዛቶሪ። አብሮ የሚገዛው ካምበርን፣ ማለትም የጎማውን ማዘንበል፣ የሚያስተካክለው ካምበር ፕሌት ነው። የፋብሪካው የፊት ካምበር ትንሽ ስለሆነ መታጠፊያ ላይ የጎማው የውጭ ጠርዝ ብቻ ይበላል። ለትራክ ከፊት ወደ 3 ዲግሪ ኔጋቲቭ (የጎማው ራስ ወደ ውስጥ ያዘነበለ)፣ ከኋላ ወደ 2፣ የፊት ቶ (የጎማዎቹ አፍንጫ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞር) ዜሮ፣ የኋላው ትንሽ ወደ ውስጥ፤ ይህ ጥሩ መነሻ ነው።

ቸርኬ 17 በ8.5 ሆኖ 245/40 ጎማ ይይዛል። መጀመሪያ ላይ ተራ ጥሩ የመንገድ ጎማ ይበቃል፤ ከመንሸራተቱ በፊት ይጮሃል፣ ያስጠነቅቃል። የውድድር ጎማ ዝም ብሎ ይዞ ዝም ብሎ ይለቃል፤ ጀማሪ አይማርበትም። በቀዝቃዛው 28 እስከ 30 ፒኤስአይ ነፍተው ይግቡ፣ እንደወጡ ወዲያው ለክተው ከ34 እስከ 36 መሃል እንዲሆን ያስተንፍሱ። የጎማ ቡሎኖችን ከትራክ በወጡ ቁጥር በቶርክ ቁልፍ ከ100 እስከ 110 ኒውተን ሜትር ይፈትሹ።

ዘይት

የሞተር ዘይቱ ሁልጊዜ ከፍተኛው ምልክት ላይ ይሁን፤ በረጅም መታጠፊያ ዘይቱ በኮፓው ወደ አንድ ወገን ይሸሽና ፓምፑ አየር ይስባል፣ ቀጥሎ ኩሽኔታ ይሄዳል። ኮፓው በወረደበት አጋጣሚ መከለያ ያስገጥሙና የዘይት ፓምፑን ጥርስ የያዘውን ዳዶ በሽቦ ያሳስሩ። በከፍተኛ ዙር ይላላል፣ ከወደቀ የዘይት ግፊቱ በአንዴ ዜሮ ነው።

ጉልበትን በተመለከተ፦ 328 ላይ የቀደመውን የ325 የአየር ማስገቢያ ማኒፎልድ ገጥሞ ኮምፒውተሩን ማስተካከል በከፍተኛ ዙር የሚታይ ጉልበት ይጨምራል፣ ከታች ትንሽ ይወስዳል። ማርሚታ መቀየር ከድምፅ ብዙም አያልፍም።

መንዳት መማር

መጀመሪያ አውቶክሮስ ይግቡ። በሰፊ አስፋልት ላይ ኮን ተደርድሮ አንድ መኪና ብቻ በሰዓት የሚለካበት ነው። በኤስሲሲኤ (የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ) ሶሎ በሚባለው የአውቶክሮስ ውድድር አንድ ኮን መምታት 2 ሰከንድ ያስቀጣል። መስመሩን በእግር ሦስት አራት ጊዜ ይዙሩ፤ መንገዱን ሳያስታውስ የገባ ሰው መንዳት ሳይሆን ፍለጋ ላይ ነው። ስህተት ቢሠሩ የሚወድቀው ፕላስቲክ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ከአስተማሪ ጋር የሚገባበት የትራክ ቀን ነው። የቢኤምደብሊው የመኪና ክለብም፣ ናሳም (የጠፈር ድርጅቱ አይደለም፣ ናሽናል አውቶ ስፖርት አሶሲዬሽን ነው) ያዘጋጃሉ። በጀማሪዎች ቡድን ሰዓት አይለካም፤ ማለፍ የሚቻለውም የፊተኛው በእጁ ምልክት ሲሰጥ ብቻ ነው። የራስ ቁሩ የስኔል ኤስኤ ደረጃ ያለው ይሁን፤ የሞተር ብስክሌት ቁር ብዙ ቦታ አይፈቀድም። ተራው የመኪና ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ትራክን አይሸፍንም፣ ውሉን ያንብቡ፤ ለቀኑ ብቻ የሚሸጥ ሽፋን አለ።

ለዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነዋሪ ቅርብ ከሆኑት ትራኮች አንዱ ዌስት ቨርጂኒያ ያለው ሰሚት ፖይንት ነው። ዋናው ትራክ 2 ማይል ርዝመትና 10 መታጠፊያዎች አሉት፤ ረጅሙ ቀጥታ ሲያልቅ ከባድ ፍሬን የሚጠይቀው ተርን 1 (የመጀመሪያው መታጠፊያ) ይጠብቃል። ፍሬኑን መኪናው ቀጥ ብሎ ሳለ በደንብ ይያዙ፣ ማርሹን ያውርዱ፣ ከዚያ ብቻ መሪውን ያዙሩ። ዓይንዎ መሆን ያለበት የሚገቡበት ላይ ሳይሆን የሚወጡበት ላይ ነው። ከዚያ ራቅ ብሎ ቨርጂኒያ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ 3.27 ማይል ነው። ኦክ ትሪ የሚባለው መታጠፊያው (ዛፉ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2013 ወድቋል) ወደ ረጅም ቀጥታ ያወጣል፤ ጋዙን ዘግይቶ የረገጠ ሰው ኪሳራውን እስከ ቀጥታው ጫፍ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ መግቢያውን ማዘግየት ያዋጣል።

በመታጠፊያ መሃል ጋዝ በድንገት አይልቀቁ። ክብደቱ ወደ ፊት ይሮጣል፣ ኋላው ይቀልላል፣ መኪናው ይሽከረከራል። ከመንገድ ከወጡ ደግሞ ወዲያው ለመመለስ መሪ አይጎትቱ፤ ቀጥ አድርገው ቀንሰው በዝግታ ይመለሱ።

ውድድር

ናሳ በደረጃ ካሳለፈ በኋላ ለውድድር ፈቃድ ያበቃል። ኢ36 የሚወዳደርበት ምድብ አለው። የምድቡን ደንብ ክፍል ከመግዛትዎ በፊት ያንብቡ፤ ያልተፈቀደ አንድ ክፍል እርስዎን ከበለጠ ጉልበት ካላቸው መኪኖች ጋር ሊያስመድብዎት ይችላል። ጎን ለጎን ለመወዳደር የተበየደ ኬጅ (መኪናው ቢገለበጥ ነጂውን የሚጠብቅ የብረት ቱቦ አጽም)፣ የውድድር ወንበር፣ ባለ ብዙ ነጥብ ቀበቶ፣ የአንገት መከላከያ፣ እሳት የሚቋቋም ልብስና የኤሌክትሪክ መቁረጫ ያስፈልጋል። ቀበቶዎች በላያቸው የተጻፈ የአገልግሎት ጊዜ አላቸው፤ ያለፈበት ቀበቶ ፍተሻውን አያልፍም። በማቀዝቀዣው ውስጥም ግላይኮል (ውሃ እንዳይቀዘቅዝ የሚጨመር ፈሳሽ) አይፈቀድም፣ ትራክ ላይ ቢፈስ ያንሸራትታልና ንጹህ ውሃ ከዝገት መከላከያ ጋር ይሙሉ፤ ክረምት ሲገባ ካላፈሰሱት ግን ውሃው በረዶ ሆኖ ብሎኩን ይሰነጥቀዋል። ኬጅ የገባበት መኪና ከእንግዲህ በከተማ መንገድ አይነዳም፤ የራስ ቁር ያላደረገ ጭንቅላት በትንሽ ግጭት ብረቱን ይመታል። ስለዚህ የመጎተቻ ተጎታችና ጎታች መኪና በበጀቱ ውስጥ ከኬጁ ጋር አብረው ይቆጠሩ።