ፈንጂ ስትመርጡ ከረጢቱ ላይ ያለውን ዋጋ ብቻ አትዩ

ሰሜን ሸዋ ድንጋይ ሞልቶታል። ለሚ አካባቢ ለሲሚንቶ የሚሆን የኖራ ድንጋይ አለ፣ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ደግሞ ጥቁር ድንጋይ። ግን ብዙ የድንጋይ ካባ ላይ ፈንጂ የሚመረጠው ድንጋዩ ታይቶ ሳይሆን ዋጋ ተጠይቆ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄው ነው። አንፎ (የአሞኒየም ናይትሬት ጨውና የናፍጣ ቅልቅል የሆነው ፈንጂ) ርካሽ ነው፣ እውነት ነው። ነገር ግን ፍንዳታው ትልልቅ ቋጥኝ ከተወላችሁ በሃመር መፈርከስ፣ ናፍጣ ማቃጠልና ክሬሸር (የድንጋይ መፍጫውን ማሽን) ማቆም ይመጣል። ሒሳቡን ክሬሸሩ አፍ ድረስ ስሩት።

ሁለተኛው ውሃ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ክረምት ላይ ፈንጂው የሚገባበት ቀዳዳ አፉ ደርቆ ታችው ውሃ ሊያቁር ይችላል። አንፎ ውሃ አይችልም፤ ጨዉ ይሟሟል፣ በዚያ ላይ ከውሃ ስለሚቀል ወደ ታች አይወርድላችሁም። ታች ያለው ክፍል በደንብ ካልፈነዳ የዓለቱ እግር ላይ ያልተሰበረ ድንጋይ ይቀራል፣ ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ ቡናማ ጭስም ሊነሳ ይችላል። ያ ጭስ መርዝ ነው፣ የተነፈሰው ሰው ለጊዜው ደህና መስሎ ከሰዓታት በኋላ ሳንባው ሊታመም ስለሚችል «ምንም አልሆንኩም» ቢልም ሐኪም ይየው። «ፕላስቲክ ውስጥ እንከተዋለን» የሚሉም አሉ፤ ፕላስቲኩ ሹል ድንጋይ ላይ ከተቀደደ አለቀ። እያንዳንዱን ቀዳዳ ክብደት በታሰረበት ሜትር ለኩ፣ ውሃ ካለ ኢመልሽን የሚባለውን ውሃ የሚችል ፈንጂ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ «ጠንካራው ሁሌም ይሻላል» ማለት። የኢመልሽን ፍንዳታ ቀዳዳው ውስጥ በአብዛኛው በሰከንድ ከ4,500 ሜትር በላይ ይጓዛል፣ የአንፎ ከ3,000 እስከ 4,500 አካባቢ ነው። ፍጥነቱ የሚጠቅመው ስንጥቅ ለሌለው ጠንካራ ዓለት ነው። ጥቁር ድንጋያችን ብዙ ቦታ በተፈጥሮው ተሰነጣጥቋል፣ እዚያ በጋዙ የሚገፋው አንፎ (ቀዳዳው ደረቅ ከሆነ ማለት ነው) ሊበቃ ይችላል።

የቀዳዳ ስፋትንም ብዙዎች ይረሱታል። እያንዳንዱ ምርት አምራቹ የሚያስቀምጠው ዝቅተኛ ስፋት አለው፤ ከዚያ ከጠበበ ፍንዳታው መንገድ ላይ ሊሞት ይችላል።

ጎረቤት ግድግዳዬ ተሰነጠቀ ሲል ፈንጂ መቀየርም ብዙም አያዋጣም። ንዝረቱን በዋናነት የሚወስነው በአንድ ቅጽበት የሚፈነዳው መጠንና ርቀቱ ነው፣ ስለዚህ ፈቃድ ካለው አፈንጂ ጋር ስለ ዲሌይ (ቀዳዳዎቹ በአንዴ ሳይሆን በትንሽ የጊዜ ልዩነት ተራ በተራ እንዲፈነዱ ስለማድረግ) አውሩ።

ቀኑ ያለፈበትን ደግሞ «እንዳይባክን» ብላችሁ ቀዳዳ ውስጥ አትክተቱ። ለይታችሁ አስቀምጡና አቅራቢውን ጥሩ።