ብልህ ሴት ገጸ ባሕርይን እንዴት እንጻፍ?

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ዛሬ በአደባባይ የሚናገር ብዙ የለም። ልብ ወለዶቻችንና ድራማዎቻችን ውስጥ ግን አሁንም አለ። ሴቷ ነገሩን ትጠረጥራለች፣ ወንዱ ይደርስበታል። ዲግሪዋን ትይዛለች፣ ወሳኙ ቀን ሲመጣ ግን ታለቅሳለች።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ የአሜሪካ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ለሕፃናት ስለ አንድ በጣም ብልህ ሰው ታሪክ ነገሯቸው። ከዚያ ባለታሪኩ ከፎቶዎቹ የትኛው እንደሆነ ጠየቋቸው። በ5 ዓመታቸው ሴቶቹም ወንዶቹም በብዛት የራሳቸውን ፆታ መረጡ። ከ6 ዓመት ጀምሮ ግን ሴቶቹ ልጆች ሴት መምረጥ ቀነሱ። እኛ የምንጽፈውንም የምታነብ ልጅ አለች።

መጀመሪያ ረቂቃችሁን አንብቡና ታሪኩን ያዞሩትን ውሳኔዎች ብቻ ለይታችሁ ጻፉ። ከእያንዳንዱ አጠገብ የወሰነውን ሰው ስም አስፍሩ። «ጎበዝ ናት» ያላችኋት ሴት እዚያ ከሌለች ጉብዝናዋ ወሬ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ሙያ ስጧት፤ ሙያውንም እወቁት። ዋናው ሥራ ይሄ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ የምትሠራ የሒሳብ ሠራተኛ አለች እንበል። «ሰላም እጅግ ብልህ ነበረች» ብትሉ አንባቢ አያምናችሁም። ይልቅ የወረቀት መግዣ ደረሰኞቹን ጠረጴዛዋ ላይ ትደርድር። አንዱ የመስከረም፣ ሌላው የኅዳር ነው። ቁጥራቸው ግን ተከታታይ ነው፤ 0412 እና 0413። ነጋዴው በሁለት ወር ውስጥ ለሌላ ደንበኛ አንድም ደረሰኝ አልቆረጠም? ሰላም ምንም አትናገርም። ስቶር ወርዳ ሞዴል 19 የሚባለውን የዕቃ ገቢ ደረሰኝ ታስወጣለች፣ የተገዛው ወረቀት በእርግጥ መግባቱን ታያለች። አሁን አንባቢው አብሯት ማሰብ ጀመረ። ማስረጃውን ለአለቃዋ አስረክባ ከታሪኩ እንዳትወጣባችሁ ብቻ ተጠንቀቁ። ለማን እንደምትናገር፣ እስከ መቼ ዝም እንደምትል ራሷ ትወስን።

በታሪክ ላይ ለምትጽፉም ያው ነው። በ1888 ዓ.ም. የመቀሌ ምሽግ ሲከበብ የጣልያኖቹን የውኃ ምንጭ የማስያዙን መላ ያመጡት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ይህን «የሴት ተንኮል» አድርጎ መጻፍ ይቻላል፤ ነገሩ ግን የጦር ስልት ነው። እቴጌይቱ የምንጩን ቦታ ሲያጠያይቁ፣ ምሽጉ ያለ ውኃ ስንት ቀን እንደሚቆይ ሲያሰሉ አሳዩን።

ለብልህነቷ ቅጣት አትጨምሩ። የተማረችው ሁሉ ትዳር የማይሰምርላት፣ ቆንጆዋ ሁሉ ቂል መሆን የለባትም። እሷን ከፍ ለማድረግ ብላችሁም ባሏን ጅል አታድርጉት። ያ ሌላ የተሰለቸ ቀልድ ነው።

ከዚያ አንድ ትዕይንት መርጣችሁ ፆታውን ቀይሩት። አማርኛ ላይ ስም መለወጥ ብቻ አይበቃም፣ ግሱም አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ ገጹን እንደ አዲስ በእጃችሁ ጻፉት። ወንድ ቢሆን ኖሮ የማትጽፉት እንባ፣ ማብራሪያ ወይም ይቅርታ እዚያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል።

በመጨረሻ ለሁለት ሰው አስነብቡ፤ አንዱ ወንድ ይሁን። ፒያሳ ቡና እየጠጣችሁ «ነገሩን ማን ፈታው?» ብላችሁ ብቻ ጠይቁ፣ አታስረዱ። የሌላ ሰው ስም ከጠሩላችሁ ፍጻሜውን እንደገና ጻፉት። ስለ ብልህነቷ ገለጻ መጨመር አያድነውም።