የሽጉጥ ማህደር ስትገዙ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

አሜሪካ ውስጥ ሽጉጥ መግዛት ያን ያህል አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ቀኑን ሙሉ ታጥቆት መዋሉ ነው። ሌሊት ነዳጅ ማደያ የሚሠራ ወይም የመጠጥ መደብር ያለው ወገናችን ፈቃዱን ያወጣል፣ አምስትና ስድስት መቶ ዶላር ከፍሎ ሽጉጡን ይገዛል፤ ማህደሩ ላይ ሲደርስ ግን እጁ ይያዛል። 20 ዶላር የሚለውን አንስቶ ይወጣል። ብዙም ሳይቆይ ሽጉጡ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ምነው ሲባል፣ "ወገቤን ልጦኝ ነው" ይላል።

ማህደር (ሆልስተር) የሚመረጠው በውሎ ነው። ስንት ሰዓት ትቆማላችሁ? ስንት ሰዓት ትነዳላችሁ? ምን ትለብሳላችሁ? ይህን ሳያስቡ የሚገዙ ሰዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች ተመሳሳይ ናቸው።

"ለሁሉም ሽጉጥ ይሆናል" የሚለውን መግዛት

ከሁሉም አደገኛው ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። እንደ ግሎክ ያሉ ሽጉጦች በአውራ ጣት የሚከፈትና የሚዘጋ ሴፍቲ የላቸውም። መጠበቂያዎቹ ቃታው ላይና ውስጥ ናቸው፣ ቃታው ሲሳብ ራሳቸው ይለቃሉ። ስለዚህ ቃታውን የሳበው ጣት ይሁን የሸሚዝ ጫፍ፣ ለሽጉጡ ለውጥ የለውም። ይባርቃል።

ለሁሉም ይሆናል የሚባለው ስስ የጨርቅ ማህደር ቃታውን ከላይ ይሸፍነዋል እንጂ አይከላከልለትም። በጨርቁ ላይ ጫን ብትሉት ቃታው ሲንቀሳቀስ ይሰማችኋል። በዚያ ላይ ሽጉጡ ሲወጣ አፉ ክድን ይላል። መልሳችሁ ለመክተት በሌላው እጅ አፉን መክፈት አለባችሁ፤ ያ እጅ ደግሞ አፈሙዙ ፊት ነው።

ቆዳስ? ቆዳ ደስ ይላል፣ ከሰውነት ጋር ይለማመዳል። ግን ሲያረጅ አፉ ይልምና ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ የታጠፈው ቆዳ ቃታውን ሊጫነው ይችላል። የአባት ቅርስ ቢሆንም ከአገልግሎት አውጡት።

አሁን አብዛኛው ሰው የሚይዘው ካይዴክስ የሚባለውን ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። በሙቀት ተለስልሶ በአንድ የሽጉጥ ሞዴል ልክ ይቀረጻል። ደህናው ከ60 እስከ 100 ዶላር ያወጣል። ሽጉጣችሁ ላይ መብራት ካሰራችሁ ለመብራቱም የተሠራ መሆን አለበት፣ ያለዚያ አይገባም።

ቤት ስትደርሱ ፈትኑት። ካዝናውን አውጡ፣ የጎረሰ ጥይት አለመኖሩን በዓይናችሁም በጣታችሁም አረጋግጡ። ባዶውን ሽጉጥ ማህደሩ ውስጥ ከትታችሁ አልጋ ላይ ገልብጣችሁ ነቅነቅ አድርጉት። ከወደቀ ማህደሩን ለሱቁ መልሱት። እናም ሁልጊዜ ሽጉጡን ወደ ማህደሩ ስትመልሱ ሸሚዛችሁን ሰብስባችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ እያያችሁ፣ ቀስ ብላችሁ። ሽጉጥ ለማውጣት የሚቸኩል ይኖር ይሆናል፤ ለመክተት ግን ማንም አላስቸኮላችሁም።

ቀበቶውን መርሳት

ግሎክ 19 ጥይቱን ሲሞላ 850 ግራም ገደማ ይመዝናል። ይህን በሠርግ ቀበቶ ልሸከም ማለት ቀልድ ነው። ስስ ቀበቶ ይንሸራተታል፣ እጀታው ወደ ውጭ ያዘማል፣ እናንተ ደግሞ እሱን ለመያዝ ታጠብቁታላችሁ። ማታ ወገባችሁ ላይ ቀይ መስመር። ከዚያ "ማህደሩ አይመችም" ይባላል። ለሽጉጥ ተብሎ የተሠራ፣ ወርዱ 1.5 ኢንች የሆነ ደረቅ ያለ ቀበቶ ግዙ። የማህደሩ መንጠቆም በዚያው ልክ ይሁን። ከሱሪ ውስጥ የሚገባ ዓይነት ከሆነ ሱሪውን አንድ ወይም ሁለት ኢንች ሰፋ አድርጉት።

መስታወት ፊት ቆሞ መምረጥ

መስታወት ፊት ሁሉም ያምራል። የሚያጋልጠው መንቀሳቀሱ ነው።

ከቀኝ ዳሌ ትንሽ ወደ ኋላ የሚታጠቅ ሰው ቆሞ ሳለ ምንም አይታይበትም። ጎንበስ ሲል ግን እጀታው በሸሚዙ ላይ ጉብ ይላል። የኛ ሰው ደግሞ ጎንበስ የማይልበት ቀን የለም። ትልቅ ሰው ሲያይ ዝቅ ይላል፣ ቡና ሲጠራ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ሰላምታውስ? አንዱ እጅ ትከሻ ላይ፣ ሌላው በወገብ ዙሪያ። እትዬ እገሌ አቅፈው ሲስሟችሁ እጃቸው የት እንደሚያርፍ አስቡት። ከዚያ በኋላ ሚስጥር የለም፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ወደ ፊት፣ ከእምብርት በስተቀኝ የሚታጠቁት ይሄ ችግር ይቀልላቸዋል። ከመኪና ወንበር ጋርም ብዙም አይጣላም። ሆድ ላለው ሰው ግን ሲቀመጥ ይወጋዋል። አፈሙዙም የሚያየው ወደ ጭን ሥር ነው፤ እዚያ ጋ ትልቅ የደም ሥር አለ፣ ሌላም የሚሳሳለት ነገር አለ። ስትከቱ ወገባችሁን ወደ ፊት ገፋ አድርጉ፣ አፈሙዙ ከሰውነታችሁ ይርቃል። ጀርባ መሐል፣ አከርካሪው ላይ መታጠቅን ተዉት። በበረዶ አዳልጧችሁ በጀርባችሁ ብትወድቁ ብረቱ የሚያርፈው አጥንት ላይ ነው።

ባዶ ሽጉጥ ታጥቃችሁ ቤት ውስጥ ሞክሩት። መኪና ውስጥ ቀበቶ አስራችሁ ተቀመጡ፣ ጫማ እሰሩ፣ ባለቤታችሁን እቀፉ።

ቀሚስ የሚለብሱትን መርሳት

የሀበሻ ቀሚስ ቀበቶ የለውም። ለሴቶች የሚቀርበው ሰፊ የሆድ መታጠቂያ ጥሩ አማራጭ ነው፤ ግን ቃታው ያለበት ቦታ ጠንካራ ልባስ ያለው ይሁን። ነጠላ የሚደርቡም ጫፉን ይጠንቀቁ፣ ዘርፉ የማይገባበት የለም። የእጅ ቦርሳ ከሆነ ለሽጉጡ ብቻ የተለየ ኪስ ያስፈልገዋል፤ ያም ኪስ ውስጥ ማህደር ይግባበት። ቁልፍና ሊፕስቲክ አብረውት አይገቡም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ቦርሳውን አልወደውም። ድግስ ላይ ቦርሳ ሶፋ ላይ ይጣላል፣ ልጆች ደግሞ ማስቲካ ፍለጋ የማይከፍቱት ቦርሳ የለም።

ሳያስተካክሉ መጣል

ብዙዎቹ ማህደሮች ብሎን አላቸው። ከፍታውና ዘንበል የሚልበት ማዕዘን ይቀየራል። 15 ዲግሪ ያህል ወደ ፊት ማዝመም ብቻውን ጎን ላይ ለሚታጠቅ ሰው ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ከሥር ካናቴራ ልበሱ፣ ላብና መፋቅ ይቀንሳል። እየቆረቆራችሁ በየደቂቃው የምትነካኩት ከሆነ ግን ያያችሁ ሰው ሁሉ ያውቅባችኋል።

ከቀበቶ ቶሎ የማይወልቅ ማህደር መግዛት

ይህን የሚያስብበት ጥቂት ሰው ነው። ቀናችሁ ውስጥ ሽጉጥ የማይገባባቸው ቦታዎች አሉ። ለአሻራ ኢሚግሬሽን ቢሮ ስትሄዱ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ስትሄዱ፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ስለሆነ ክልክል ነው። የቨርጂኒያ ፈቃድ ሜሪላንድም ዲሲም አይሠራም፤ በዚያ ፈቃድ ብቻ ሽጉጥ ይዛችሁ የፖቶማክን ወንዝ ድልድይ ስትሻገሩ ወንጀል ነው። ኡበርና ሊፍት ደግሞ ሾፌሮቻቸው ፈቃድ ቢኖራቸውም ሥራ ላይ መሣሪያ እንዳይዙ ይከለክላሉ። ከተደረሰባችሁ አካውንታችሁ ሊዘጋ ይችላል።

ስለዚህ በየቀኑ የምታወጡትና የምታስገቡት ከሆነ፣ መንጠቆው ቶሎ የሚለቅ ማህደር ግዙ። ቀበቶ ሳትፈቱ፣ ሽጉጡን ሳትመዙ፣ ከነማህደሩ ነቅላችሁ ቁልፍ ያለው ሣጥን ውስጥ ታስገቡታላችሁ። ሣጥኑን በኬብል ከወንበሩ ብረት ጋር እሰሩት። ይህንንም ከቤት ሳትነሱ ጨርሱት፤ የምትሄዱበት ቦታ ፓርኪንግ ላይ ሽጉጥ ሲያገላብጥ የታየ ሰው ፖሊስ ሊጠራበት ይችላል።