ሸረሪት ለምትፈሩ

ደብረ ብርሃን ባደግሁበት ቤት ሸረሪት ጠፍቶ አያውቅም፤ እኔ ግን ሸረሪት ባየሁበት ክፍል ውስጥ እንቅልፍ አልነበረኝም። በውጭ አገር ታራንቱላ የተባለውን ጸጉራም ትልቅ ሸረሪት ቤታቸው እያሳደጉ ፍርሃታቸውን የሚያበርዱ አሉ። እኔ ያን ያህል አልደፈርኩም። ከጣሪያው ማዕዘን አንዲት ትንሽ ሸረሪት ክዳኑን በምስማር በበሳሁት የማርማላታ ጠርሙስ አስገባሁ። (ያስገባችልኝ እንኳ እህቴ ናት።) መጀመሪያ ከበሩ አጠገብ፣ ቀጥሎ ጠረጴዛው ላይ፣ በመጨረሻ ራስጌዬ አኖርኳት። ቁም ነገሩ የልብ ምት እስኪረጋጋ ድረስ ሳይሸሹ መቀመጥ ነው፤ ደንግጠው ከሮጡ ፍርሃቱ ይብሳል። ታራንቱላ የሚያሳድግ ካለ ግን በእጁ አያንሳት፤ ከወደቀች ሆዷ ሊፈነዳ ይችላል፤ አንዳንዱ ዝርያ የሚበትነው ጸጉርም ዓይን ይጎዳል። የእኔዋን ከሁለት ወር በኋላ ግቢ ለቀቅኋት፤ ክዳኑን የከፈትኩት ራሴ ነኝ።