ቆሻሻ ገንዳው ጋር አደገኛ ነገር ስታገኙ

ይህን የምጽፈው ከቤት ለቤት ቆሻሻ ሰብስባችሁ ገንዳው ጋር ለምታራግፉ፣ እዚያው ፌስታልና ሃይላንድ ለምትለዩ ልጆች ነው። አደገኛ ነገር ቢገኝ ማስቆም የሚቻለው እናንተ ጋር ነው። መኪናው ገንዳውን አንስቶ ትልቁ ቆሻሻ መጣያ ቆሼ ከገለበጠው በኋላ የሚያገኘው እዚያ የሚለቅመው ሰው ነው፣ ያውም ብዙ ጊዜ ያለ ጓንት።

የማታውቁትን ዕቃ አትክፈቱ፣ አታሽቱ፣ አትድፉ። ጠርሙስ ከፍቶ «በረኪና ነው ወይስ ጋዝ?» ብሎ ማሽተት የተለመደ ነው፣ እባካችሁ ተዉት። ሥራ አቁሙ፣ ሰው አርቁ፣ በአካባቢው ሲጋራም እሳትም እንዳይኖር፣ ነፋሱ ከጀርባችሁ እንዲመጣ ሆናችሁ ቁሙና መጀመሪያ በዓይን ብቻ እዩት። የራስ ቅል ወይም የእሳት ነበልባል ሥዕል ካለበት ነገሩ ግልጽ ነው። ጽሑፉ የተላጠ ዕቃም ያው እንደ አደገኛ ይቆጠር።

በጣም የሚያሳስበኝ መርፌ ነው። ከክሊኒክ የወጣ ከረጢት ከቤት ቆሻሻ ጋር ተደባልቆ ይመጣል፣ ቤታቸው ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎችም መርፌውን ፌስታል ውስጥ ይጥሉታል። ስለዚህ ከረጢት በእግር አትርገጡ፣ እጅ አስገብታችሁም አትፈትሹ፣ ስትሸከሙም ከሰውነታችሁ አርቁት። መርፌ ካያችሁ በመቆንጠጫ አንሱና ክዳን ያለው ወፍራም ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ክተቱ። የመርፌውን የራሱን ክዳን መልሳችሁ ለመግጠም አትሞክሩ፣ ብዙ ሰው የሚወጋው ያኔ ነው። ዕቃው ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይዘጋ።

ከተወጋችሁ ቦታውን አትጭመቁት፣ አትምጠጡት። በሳሙናና በውሃ እጠቡና በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያ ሂዱ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ ሲጀመር ይሻላል፣ የሚወሰደውም ለ28 ቀን ነው። የጉበት ቫይረስ ቢ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ስለሚችል «ደሙ ደርቋል» ብላችሁ አትዘናጉ። ክትባት አለው፣ ማኅበራችሁ ለአባላቱ በሙሉ እንዲያስከትብ ወጥራችሁ ጠይቁ።

ፈሳሽ ኬሚካል ከሆነ ከሌላ ጋር አትቀላቅሉ። በረኪና ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። የሚያፈስ ዕቃ ካለ እንዳለ ትልቅ የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ አቁሙት። መሬት ላይ የፈሰሰውን በደረቅ አሸዋ ክበቡት እንጂ በውሃ ወደ ቦይ አትልቀቁት። ቆዳ ወይም ዓይን ከነካ ግን በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም። የፀረ ተባይ ጄሪካን ለቆራሌ አትሽጡ፣ ነገ የሆነ ሰው ውሃ ይቀዳበታል።

የመኪና ባትሪ ውስጡ አሲድና እርሳስ አለ፣ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ እርሳሱን ለማውጣት አትስበሩት። የስልክ ባትሪ ካበጠ ወይም ከተቀደደ ቆሻሻ በሚጨምቀው መኪና ውስጥ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ለብቻው ደረቅ አሸዋ ውስጥ ይቀመጥ። ረጅሙ ፍሎረሰንት አምፖልና የድሮው የትኩሳት መለኪያ ሜርኩሪ አላቸው። ቢሰበሩ በመጥረጊያ አትጥረጉ፣ ስብርባሪውን በወፍራም ወረቀት ሰብስባችሁ በሚከደን ዕቃ ዝጉት።

ቦምብ ወይም ጥይት የሚመስል ብረት ካያችሁ ንክች አታድርጉት። ሁሉም ይራቅ፣ ለፖሊስ 991 ደውሉ። ለእሳት አዲስ አበባ ላይ 939፣ ለአምቡላንስ 907።

የለያችሁትን የት ታቆዩታላችሁ? ጣራ ያለው፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ፣ ልጆችም ውሾችም የማይገቡበት፣ የሚቆለፍ ጥግ ያስፈልጋል። ቀኑንና የተገኘበትን መንደር ጻፉበት፣ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ለወረዳው የፅዳት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አሳውቁ። በቃል ብቻ ከሆነ ይረሳል። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 የወጣው ለዚሁ ጉዳይ ነው፣ ስለዚህ «መኪናው ላይ ጫኑትና ይሂድ» ለሚላችሁ አለቃ አዋጁን ጥቀሱለት።

ከሥራ ስትወጡ ጓንቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ገልብጣችሁ አውልቁ፣ ሳትታጠቡ አትብሉ፣ የሥራ ልብሳችሁንም ከልጆች ልብስ ጋር አትጠቡ።