የቆየ ሃይሉክስ የኋላ ኩሽኔታ፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ የሚመለከተው የኋላ ፍሬናቸው ታምቡር የሆነ፣ ኩሽኔታቸውም (ቤሪንግ) አክስሉ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ላይ በፕሬስ (በመጫኛ ማሽን) የገባ የቆዩ የቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፖችን ነው።

ምልክት፦ ከኋላ ጉምጉም የሚል ድምፅ

ነዳጅ ሲረግጡና ሲለቁ ድምፁ ከተለወጠ በመጀመሪያ ዲፈረንሻሉን ይጠርጥሩ። ከአንዱ አስፋልት ወደ ሌላው ሲያልፉ ከተለወጠ ጎማው ነው። ፍጥነትን ብቻ ተከትሎ ከጨመረ ግን ኩሽኔታው ሳይሆን አይቀርም።

የትኛው ጎን እንደሆነ ለማወቅ የፊት ጎማዎችን በታኮ ያግዱ፣ ኋላውን በክሪክ አንስተው በመቆሚያ ይደግፉ፣ የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ፣ ማርሹን ዜሮ ያድርጉ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ሲወዘውዙት ልል ካለ ኩሽኔታው አልቋል። ካልላላም በአንድ እጅ ያሽከርክሩት፣ ሌላውን እጅ ባሌስትራው ላይ ያሳርፉ፤ የተበላ ኩሽኔታ ሲንኮሻኮሽ መዳፍ ላይ ይሰማል።

ምልክት፦ በጎማው ውስጠኛ በኩል እርጥበት፣ ፍሬን ወደ አንድ ጎን መሳብ

መጀመሪያ ያሽትቱት። የዲፈረንሻል ዘይት ወፍራምና የሚከረፋ ነው፤ ቀጭን ከሆነ የፍሬን ዘይት ነውና ችግሩ ሌላ ነው። የዲፈረንሻል ዘይት ከሆነ የውስጠኛው ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው የጎማ ቀለበት) ዘይት አሳልፏል፤ ዘይቱም የኩሽኔታውን ግራሶ አጥቦ ፍሬን ሸራው ላይ ደርሷል።

ብዙ ጋራዥ ሲሉን ብቻ ለውጦ ይሸኛል። አክስል ቤቱ ላይ ያለው መተንፈሻ በጭቃ ከተደፈነ ግን ዲፈረንሻሉ ሲሞቅ ግፊቱ አዲሱንም ሲል አልፎ ይወጣል። አክስሉ ላይ ሲሉ የሚያርፍበት ቦታ በጥፍር የሚያዝ ጎድጓዳ መስመር ካለውም ሲል መለወጥ ብቻውን አይበቃም። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ቢታጠብም ሲሞቅ መልሶ ያልባል፤ በሁለቱም ጎን ይለውጡት።

መፍትሄ

ታምቡሩ እምቢ ካለ ፊቱ ላይ ባሉት ሁለት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች 8 ሚሊ ብሎን እያፈራረቁ ያጥብቁ። የፍሬን ቧንቧውንና የእጅ ፍሬን ገመዱን ይፍቱ፣ ከዚያ የፍሬን ሳህኑን (ፍሬን ሸራዎቹ የሚያርፉበትን ብረት) የያዙትን 4 ዳዶዎች። አክስሉን ከነሳህኑ ቀጥ አድርገው ይሳቡ።

አሁን ዋናው ሥራ። ጎማው ከነአክስሉ እንዳይወጣ የሚይዘው ከኩሽኔታው ቀጥሎ በፕሬስ የገባው የብረት ቀለበት ነው። ስናፕ ሪንጉን (ቀለበቱን የሚቆልፈውን ቀጭን ክፍት ቀለበት) ካወጡ በኋላ የብረት ቀለበቱን በግራይንደር ውፍረቱን ሙሉ በሙሉ ሳይዘልቁ ይቁረጡና በመሮ ይሰንጥቁት፤ ግራይንደሩ አክስሉን መንካት የለበትም። አሮጌው ቀለበት ተመልሶ አይገባም። ቀለበቱን በብየዳ ማጣበቅ የሚመርጡ አሉ፤ ሙቀቱ አዲሱን ኩሽኔታ ያቃጥላል፣ አክስሉንም ያዳክማል፤ እንዲህ አይነቱን ባለሙያ ይሽሹ።

ሲመለስ ተራው የውጪው ሲል ያለበት የፍሬን ሳህን፣ ኩሽኔታ፣ ቀለበት፣ ስናፕ ሪንግ ነው። ሳህኑን የረሳ ቀለበቱን እንደገና ይሰነጥቃል፣ ሌላም ይገዛል። ኩሽኔታውን አክስሉ ላይ ሲያስገቡ ፕሬሱ የኩሽኔታውን የውስጠኛ ቀለበት ብቻ ይግፋ፤ ውጪውን ከገፋ ኳሶቹ መንገዳቸውን ይጎዳሉ፣ አዲሱም በአጭር ጊዜ ይጮሃል። የብረት ቀለበቱን ዘይት ውስጥ እስከ 150 ዲግሪ ማሞቅ ፕሬሱን ያቀልላል።

አክስሉን ሲያስገቡ ክብደቱ አዲሱ የውስጠኛ ሲል ላይ እንዳያርፍ ደግፈው ይያዙት፤ የሲሉን ከንፈር አስቀድመው በግራሶ ይቀቡት። 4ቱን ዳዶዎች ወደ 70 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ፣ ከፍሬኑ አየር ያውጡ፣ የዲፈረንሻሉን ዘይት እስከ መሙያው ቀዳዳ አፍ ይሙሉ።